ተጠባባቂ ኃይል፦ ከአቃቂ ወንዝ እስከ ለቡ ባቡር ጣቢያ

በአዲስ አበባው ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሰማው የጄኔሬተር ድምፅ ነው። ባንኩ ይነሳል፣ ክሊኒኩ ይከተላል፣ ከዚያ ሥጋ ቤቱና ካፌው። ጄኔሬተር የሌለው ባለሱቅ የስልኩን መብራት አብርቶ ሒሳቡን ይቀጥላል። ከሰፈሩ ብዙም በማይርቀው የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሐዲድ መቀየሪያውንና የምልክት መብራቱን የሚያዘው መሣሪያ ለአንዲት ሴኮንድ እንኳ መጥፋት የለበትም፤ እሱ ከጠፋ ባቡሩ የት እንዳለ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። እንዲህ ያለው መሣሪያ በየትም አገር ከአንድ በላይ የኃይል ምንጭ ይደረግለታል።

የዚህን ጉዳይ ታሪክ ሁላችንም በቁርጥራጭ እናውቀዋለን። ቆቃን በትምህርት ቤት ተምረናል፣ የፈረቃውን ዘመን በሻማ አሳልፈናል፣ የጊቤ ሁለት ዋሻ መደርመሱን በዜና ሰምተናል፣ የባቡሩን ምርቃት በቴሌቪዥን አይተናል። ሁሉም የአንድ ጥያቄ ታሪክ ናቸው፦ አንዱ ሲቆም የሚተካው ማን ነው? አገሪቱ ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ስትመልስ ኖራለች። ደጋግሞ የታየው ሐቅም አንድ ነው። ሁለተኛ ምንጭ ሁለተኛ የሚባለው የመጀመሪያውን ያቆመው ምክንያት እሱን የማይነካው ሲሆንና፣ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ ሰው ሲኖረው ነው።

ከ1890ዎቹ እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ምትክ የሌለው ማሽን

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤተ መንግሥቱን ባበራ አንድ ጄኔሬተር ነው። ማሽኑ ሲቆም ኩራዝና ጧፍ ይተኩታል። ከብርሃኑ በቀር በኤሌክትሪኩ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ስላልነበረ ጉዳቱ እዚያው ያበቃል።

ነገሩ የተለወጠው በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ነው። የተሠራው በአዲስ አበባ ለተቋቋሙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ለመስጠት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ማለት የሥራ መቆም ሆነ። ወፍጮ ሲቆም እህሉ ሰልፍ ይይዛል፤ የሠራተኛው ቀን ይባክናል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተማዋ ተጨማሪ ኃይል አገኘች፤ በስድስት ሜጋ ዋት ተኩል ገደማ አቅም የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫም የቆመው በዚያው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ወንዙ በበጋ ሲሳሳ ዲዝል ይነሳል። የዲዝሉ ነዳጅ ደግሞ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነበር። ዝናብና ባቡር፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች፣ ከተማዋን ተራ በተራ ይደግፏት ጀመር። ማንም አስቦ የነደፈው አይመስለኝም፤ ግን በዚያ ዘመን የነበረው እውነተኛ ምትክ እሱ ነበር።

ከ1948 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ሦስት ጣቢያ፣ አንድ ውኃ

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል የሚለው እሱን ነው፤ ለቡን ጨምሮ በከተማዋ ብዙ ቦታ ስሙ ለሰፈር ተርፏል። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ይህ ማመንጫ ሦስት ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ በድምሩ 43 ሜጋ ዋት ነው። ለአዲስ አበባ ሌላ ዘመን ነበር። በጥቂት ሜጋ ዋት ሲቆጠር የኖረው ኃይል በአሥሮች ተቆጠረ።

ቆቃ ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ግን ተርባይኖቹ ሦስት መሆናቸው ነው። አንዱ ለጥገና ቢወርድ ሁለቱ ይሠራሉ። በማሽን ደረጃ አገሪቱ ምትክ አገኘች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቆቃ በታች አዋሽ ሁለት፣ በ1963 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋ ዋት ተጨመሩ። በወረቀት ላይ ሦስት ጣቢያ ሆነ፤ በማሽን ቢቆጠር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ውኃው ግን አንድ ነው። ከቆቃ ሐይቅ የተለቀቀ ውኃ ቆቃን አዙሮ ወደ አዋሽ ሁለት ይወርዳል፣ ከዚያ አዋሽ ሦስትን ያዞራል። ቆቃ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይጎድላሉ። ለማሽን ብልሽት ጥሩ መፍትሔ የሆነው ሰንሰለት ለድርቅ ምንም አልነበረም። ባለሙያዎቹ ይህን ሳያውቁ የቀሩ አይደሉም። አንድን ወንዝ ደረጃ በደረጃ መጠቀም ርካሽ ነው፤ የማስተላለፊያ መስመሩም አጠገብ ነው። ዋጋው ይህን አስመረጠ።

የዚያን ዘመን የተሻለ መልስ ያገኘሁት ከመብራት ኃይል ውጭ፣ እዚያው አዋሽ ዳር ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ እያነደደ እንፋሎት ይሠራል፣ በእንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ይህ የስኳር ኢንዱስትሪ የኖረ ልማድ ነው። ፋብሪካው ሥራ ላይ በሚሆንበት ወቅት ገለባው ሁልጊዜ አለ፤ ያ ወቅት በአመዛኙ ዝናብ የሌለበት ነው። ወንዝ ሲሳሳ የሚበረታ ምንጭ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

በ1965 ዓ.ም. ገደማ ፊንጫ በ100 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር የአዲስ አበባ ኃይልም ከአዋሽ ተፋሰስ ወጣ። የፊንጫ ወንዝ የአባይ ገባር ነው። አዋሽ ላይ ያልዘነበ ዝናብ እዚያ ሊዘንብ ይችላል። ከቆቃ ወዲህ ትልቁ የታሪክ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል፤ በምርቃት ቀን ግን የተወራው ስለ ሜጋ ዋቱ ነው።

ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ መቆም የማይችለው ምድጃ

በዚሁ ጊዜ ውጭ አገር አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን የመጀመሪያ ፒኤልሲ (ፕሮግራም የሚደረግ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ) ሠሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ነበር። ከዚያ በፊት የፋብሪካ ቁጥጥር ማለት ግድግዳ የሞላ ሪሌይ ነው። አንዱ ሪሌይ ቢበላሽ ማሽኑ በከፊል ይታወካል። አንዱ ፒኤልሲ ኃይል ሲያጣ ግን መስመሩ በሙሉ ያበቃል። የፋብሪካው አእምሮ ወደ አንድ ሣጥን በገባ ቁጥር ለዚያ ሣጥን የሚሰጠው ጥቂት ዋት ከሺህ ኪሎ ዋቱ ሞተር በላይ ዋጋ አገኘ።

በኢትዮጵያ ይህ በደንብ የታየው በሲሚንቶ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በምሥራቅ ጀርመን ድጋፍ ተሠርቶ በ1976 ዓ.ም. ገደማ ማምረት ጀመረ። የሲሚንቶ ምድጃ አግድም ተጋድሞ የሚዞር፣ ውስጡ በጡብ የተለበጠ ረጅም የብረት ቧንቧ ነው። ውስጡ ያለው ነገር ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዋናው ሞተር ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን አይቆምም። የጋለው ብረት በአንድ ጎኑ እንደተኛ ከቀረ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ የውስጥ ጡቡ ይፈርሳል። አንዴ የጎበጠ ምድጃ ወራት የሚወስድ ጥገና ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የሲሚንቶ ምድጃ ሁለተኛ ሞተር አለው፤ ትንሽ ነው፣ በራሱ ናፍጣ ወይም በተጠባባቂ ጄኔሬተር የሚሠራ። ተግባሩ አንድ ነው፤ ምርት ሳይሆን ምድጃውን ቀስ እያለ ማገላበጥ። እንጀራ በምጣዱ ላይ ጥለው የሄዱ ሴት ተመልሰው የሚያዩት ያረረ ሊጥ ነው፤ ምድጃው ላይ የሚያርረው ግን ምጣዱ ራሱ ነው። ከቁጥጥር ክፍሉ የሚፈለገውም በእነዚያ ደቂቃዎች የሙቀት መለኪያዎቹ እንዲነበቡና ኦፕሬተሩ የቱ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ባሉት ሴኮንዶች ይህን የሚይዘው ባትሪ ነው።

ባትሪ ሌላም ቦታ ነበረው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በየማከፋፈያ ጣቢያው አንድ ክፍል በባትሪ የተሞላ ነው፤ በአብዛኛው 110 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይሰጣል። ምክንያቱን ለማየት ብሬከር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል። መስመር ላይ ዛፍ ሲወድቅ መከላከያው አደጋውን ያያል፣ ብሬከሩ እንዲቆርጥ ያዛል። ትእዛዙ የሚተላለፈው በጅረት ነው። አደጋው የመስመሩን ቮልቴጅ ገደል በሰደደበት በዚያች ቅጽበት ጅረቱ ከመስመሩ ቢፈለግ አይገኝም። ባትሪው ከሞተ ብሬከሩ አይቆርጥም፣ እሳቱ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ያንን የባትሪ ክፍል በየጊዜው የሚያይ፣ አሲዱን የሚለካ፣ የዛገ ማያያዣ የሚጠርግ ሠራተኛ የሚሠራው ሥራ በየትኛውም የምርቃት ንግግር ውስጥ አይገባም። ለእኔ ግን የመረቡ ሁሉ ደኅንነት የተንጠለጠለው እዚያ ነው።

ዘመኑ ሲያበቃ፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ መልካ ዋከና በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ በ153 ሜጋ ዋት ተጨመረ። በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ነው። አዋሽ፣ አባይ፣ ዋቢ ሸበሌ፦ ሦስት ተፋሰስ ሆነ። አገር አቀፉ መረብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛን ያለው መሰለ።

ከ1989 እስከ 2003 ዓ.ም.፦ የፈረቃ ዓመታት

በ1989 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሆነ። ከተሞች አደጉ፣ ፋብሪካ በዛ፣ ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ቀደመ። በ1994ና በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ ሰፊ ድርቅ ሆነ። ተፋሰሱ ሦስት ቢሆንም ሰማዩ አንድ ነበር፤ ዝናቡ በሁሉም ላይ አነሰ። ፈረቃ ገባ። ሰው ቀኑን እየቆጠረ ልብስ ተኮሰ፣ ሊጥ አቦካ።

በ1996 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ አንድ በ184 ሜጋ ዋት ደረሰ። በቃሊቲ፣ በድሬዳዋና በአዋሽ ሰባት ኪሎ የዲዝል ማመንጫዎች ተተከሉ። ዲዝል ውድ ነው፤ ግን ከዝናብ ጋር ጉዳይ የለውም። ቢሆንም በ2001 ዓ.ም. ፈረቃው ተመለሰ። ግድቦቹ ጎድለው ነበር፣ ጊቤ ሁለትና ተከዜ ገና አልደረሱም፤ በኪራይ የመጡ ጄኔሬተሮችም ክፍተቱን አልሞሉትም።

በጥር 2002 ዓ.ም. ጊቤ ሁለት ተመረቀ። 420 ሜጋ ዋት፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ። ከተመረቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ማመንጫው ለወራት ቆመ። ወሬው ሁሉ ስለ መደርመሱ ሆነ። በጊዜው ብዙም ያልተነገረ ሌላ ነገር ግን አለ፦ ጊቤ ሁለት የራሱ ግድብ የለውም። የሚያዞረው ጊቤ አንድ ተጠቅሞ የለቀቀውን ውኃ ነው። ቆቃና አዋሽ ሁለት በሌላ ስም ተደገሙ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ጣና በለስ በ460 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር አንድ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው ይህ ማመንጫ ወደ ጢስ ዓባይ የሚደርሰውን ውኃ ቀነሰ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳርን ያበራው ጢስ ዓባይ አንድና ታናሹ ጢስ ዓባይ ሁለት ወደ ተጠባባቂነት ዞሩ። በሥራ ያረጀ ማመንጫ በጡረታ ፈንታ ተጠባባቂ ሲሆን አዲሱ ከመንገዱ ቢወጣ የሚይዘው አለ ማለት ነው፤ ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚሄደው ውኃ መቀነሱ ግን የራሱ ዋጋ ነበረው።

ፋብሪካዎቹ በበኩላቸው ራሳቸውን ጠበቁ። ጄኔሬተር ያልገዛ አልነበረም። ብዙዎቹ የገዙት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አቅም አይተው ነው፤ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ናፍጣ ሞተር ሰሌዳው የሚለውን ሁሉ አይሰጥም። ጅቡቲ ላይ መቶ የሚሸከም አዲስ አበባ ላይ ያንሳል። ጄኔሬተሩ በሙሉ ጭነት እስኪፈተን ድረስ ይህ አይታይም።

በዚህ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የውኃ ማሸጊያ፣ የቢራና የምግብ ፋብሪካዎች መቆጣጠሪያቸው ፒኤልሲ ነው። የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን በር ሲከፍቱ ከላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ከከተማው መስመር 220 ቮልት ወስደው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ከእነሱ በታች አንድ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ዳዮድ ነው፣ ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር። አንዱ ፓወር ሰፕላይ አጭር ሰርኪት ሆኖ ቢቃጠል ጤነኛው ወደ በሽተኛው እንዳይፈስ የሚከለክለው እሱ ነው። ሁለት አረንጓዴ መብራት በርቷል። ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል።

ደኅና ላይሆን የሚችልበትን መንገድ የሚያውቀው ከሣጥኑ ጋር የኖረ ሰው ነው። ሲተከል እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ 10 አምፔር ይችል ነበር እንበል፣ መስመሩ የሚፈልገው 7 ነበር። አንዱ ቢሞት ሌላው ብቻውን ይበቃል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሴንሰር ተጨመረ፣ በአምስተኛው አንድ ስክሪን፣ ከዚያ ሦስት ቫልቭ። ጭነቱ 13 አምፔር ደረሰ። ሁለቱ ተካፍለው ስለሚሸከሙት ምንም አይታይም። አንዱ በሞተ ቀን ግን ሌላው 13ቱን ብቻውን ሊሸከም ሞክሮ ይወድቃል። ተጠባባቂነቱ የጠፋው በዓመታት ውስጥ፣ በሴንሰርና በቫልቭ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይከፋል። ሁለቱ ፓወር ሰፕላዮች ከአንድ ብሬከር ሲያያዙ። ኤሌክትሪሺያኑ ቦታ አጥሮት፣ ወይም ገመድ ለመቆጠብ፣ ሁለቱን በአንድ ያስራቸዋል። ብሬከሩ ሲወርድ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሦስተኛው ደግሞ ዝምታ ነው። አንዱ ከሞተ ወር ሆኖታል፣ መስመሩ ግን ይሠራል፣ ማንም አላየም። ለዚህ ተብሎ የማንቂያ ሪሌይ ይሠራል፤ ሪሌዩ ወደ ስክሪኑ ካልተጎተተ ግን ማንቂያው ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ዓለምም በዚያው ሰሞን ይህንኑ ትምህርት በከፍተኛ ዋጋ ገዛ። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ውስጥ ገባ። በኦሃዮ ያለ የኃይል ኩባንያ ማንቂያ ሶፍትዌር ቀጥ ብሎ ነበር፤ ተጠባባቂው ሰርቨር ሥራውን ሲረከብ ችግሩንም አብሮ ተረከበና ወደቀ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን ፉኩሺማ የመሬት መንቀጥቀጡ የውጭውን መስመር ሲቆርጥ ናፍጣ ጄኔሬተሮቹ በሚገባ ተነሱ። ቆይቶ ሱናሚው ሲመጣ ብዙዎቹ የቆሙት ዝቅተኛ ወለል ላይ ነበርና አብረው ሰጠሙ፤ ባትሪና ማከፋፈያ ሰሌዳም ሳይቀር። ምትኩ በቁጥር አላነሰም። የቆመበት ቦታ አንድ ነበር።

ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም.፦ ባቡሩ ለቡ ደረሰ

የነፋስ ኃይል በዚህ ዘመን መጣ። አዳማ አንድ፣ ቀጥሎ በ2006 ዓ.ም. አሸጎዳ በ120 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ አዳማ ሁለት በ153 ሜጋ ዋት። ከግድቦቹ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። ነፋሱ ግን በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ ግድብ በሚጎድልበት ወቅት ነው። የወንጂ ገለባ በሠራበት መንገድ ይሠራሉ፤ በዚህ ሚዛን ከሜጋ ዋታቸው በላይ ዋጋ አላቸው።

በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማከፋፈሉን ያዙ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ከተማዋ ኃይል ሲቋረጥ መሐል መንገድ ላይ የሚቆም ትራንስፖርት ሲኖራት የመጀመሪያዋ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን የጅቡቲው ባቡር ነበር። ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የቀድሞው የፈረንሳዮቹ ባቡር ናፍጣውን ይዞ ይሄድ ነበር፤ በየትም ቢቆም ኃይሉ አብሮት አለ። አዲሱ ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ፣ በ25 ኪሎ ቮልት፣ ከብሔራዊው መረብ ነው የሚጠጣው።

ሐዲዱ ከኤሌክትሪኩ ቀድሞ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ፣ ሽቦው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ የእርዳታ እህል ከጅቡቲ በናፍጣ ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ተጓጓዘ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በፉሪ ለቡ ጣቢያ የምርቃት በዓል ሆነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ዑመር ጌሌ ተገኙ። መደበኛ የንግድ አገልግሎት የተጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከዓመት በላይ ለወሰደው መዘግየት ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ነበር።

የዚህ ዓይነት ባቡር ምትክ በሦስት ንብርብር ይሠራል። የመጀመሪያው በማከፋፈያ ጣቢያው ነው፦ ልማዱ ሁለት ገቢ መስመርና ሁለት ትራንስፎርመር ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቃል። ሁለተኛው በጎረቤት ነው፦ አንድ ጣቢያ በሙሉ ቢወድቅ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ኃይሉን ወደዚያ ክፍል ያሻግራል፤ ባቡሩ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ሦስተኛው ባቡሩን የማያንቀሳቅሰው ነው። ምልክቱን፣ የሐዲድ መቀየሪያውንና የመገናኛውን መሣሪያ የሚያኖረው ከሽቦው የተለየ ምንጭና ባትሪ ነው። ሽቦው ቢሞት ባቡሩ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የቆመበትን ቦታ ግን ተቆጣጣሪው ማየት አለበት፣ ከኋላ የሚመጣውን እንዲያስቆም።

ለቡ ላይ ይህ ሦስተኛው ንብርብር እድለኛ ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ባትሪ ቀዝቃዛ ይወዳል። እርሳስና አሲድ ያለበት ባትሪ ለ25 ዲግሪ ነው የሚሠራው፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። መስመሩ አዋሽን አልፎ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋና ደወሌ ሲደርስ እዚያው ዓመት የተገዛ፣ እዚያው ፋብሪካ የተሠራ ባትሪ የለቡ ጓደኛው ገና ብርቱ ሳለ ያረጃል። ሙቀቱን የማያውቅ የመለዋወጫ ዕቅድ ሁሉንም ባትሪ በአንድ ቀን ይቀይራል፤ ለቡ ላይ ደኅናውን ይጥላል፣ ድሬዳዋ ላይ ለሞተው ይዘገያል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፦ ከግድብ ወደ ሰፈር

ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ በጊዜው ከአገሪቱ የማመንጨት አቅም ከሲሶ በላይ የሆነው በአንድ ግድብ ላይ አረፈ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድቡ ውኃ ዝቅ ሲል የ476 ሜጋ ዋት እጥረት ተነገረ፣ ፈረቃም ታወጀ። በ1952 ዓ.ም. በቆቃ የተጀመረው ነገር በአርባ እጥፍ ተመለሰ። ትልቅ ምንጭ ሲጨመር ሁሌም ደስታው ስለ መጠኑ ነው፤ ያ ምንጭ በወደቀ ቀን የሚተካው ግን የዚያኑ ያህል መሆን አለበት።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 13 ተርባይኖቹን ይዞ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመረቀ። ኃይሉ ከጉባ የሚወጣው በሁለት አቅጣጫ ነው፤ በ500 ኪሎ ቮልት በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ፣ በ400 ኪሎ ቮልት ደግሞ ወደ በለስ። አንዱ መንገድ ቢቆረጥ ሌላው አለ። ይህን ሳይ ፊንጫን አስታውሳለሁ፤ ያኔ ሌላ ወንዝ ተፈለገ፣ አሁን ሌላ መንገድ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የባቡሩ አስተዳደር ከቻይና ኮንትራክተሮቹ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲው አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚመዘግበው፣ ዋናውን መስመር ሆን ብሎ አቋርጦ ተጠባባቂው መነሣቱን የሚያየው፣ የእኛው ባለሙያ ነው። ይህ ፈተና መደረግ ያለበት ጭነት ላይ ነው። ጄኔሬተርን ባዶውን አሥር ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ሞተሩ እንደሚነሣ ያሳያል፤ መሸከም መቻሉን አያሳይም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጉድለት ወደ ታች፣ ወደ ማከፋፈሉ ወርዷል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ኃይል የሚያገኙት በአብዛኛው በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፤ ብዙው መስመር ከአንድ ጣቢያ ተነሥቶ እንደ ቅርንጫፍ ሄዶ የሚያልቅ ነው፣ ከሌላ ጫፍ የሚደግፈው የለም። ሕዳሴው ሙሉ ቢሆንም፣ ሆለታ ደኅና ቢሆንም፣ ለቡ መብራት ኃይል መንገድ ዳር ያለ አንድ ምሰሶ በመኪና ከተገጨ ባንኩም ክሊኒኩም ጄኔሬተር ያነሣሉ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሁለት ቅርንጫፎችን ጫፍ ለጫፍ ማገናኘት፣ መሐላቸው ማቀያየሪያ ማድረግ፣ ማቀያየሪያውን ስካዳ በሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ማዘዝ። ለዚያ ማቀያየሪያ ደግሞ የራሱ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ በየዓመቱም በጭነት የሚፈትነው ሰው።